ሰባተኛው ዱቄት

ባለፈው ወር አርባ ምንጭ ሴቻ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። «እኚህ ናቸው እኮ የካንሰር መድኃኒት ሠርተው ለሰው የከለከሉት» ይላል። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴም ከድቶኛል፣ ጆሮዬ ግን አሁንም ያገለግለኛል። ዞር ብዬ አየሁት። ዕድሜው ከአርባ አይዘልም፤ ወሬው ከሱ ይበልጣል። ደንግጦ የንፍሮውን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረገው። ንፍሮውን ዘገንኩ፣ መልስ ግን አልሰጠሁትም፤ በሰው ሐዘን ላይ የራስን ሙግት መክፈት ነውር ነው። እዚህ ግን ድንኳን የለም፣ አልቃሽም የለም፣ ስለዚህ እነግራችኋለሁ። አዎ፣ ሠርቻለሁ። አዎ፣ ከልክያለሁ። ዛሬም ቢመጡብኝ እከለክላለሁ።

የአብዮቱን ዘመን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ ከኔ ፖለቲካ አትጠብቁ። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከሲቀላ ሴቻ ያለውን ዳገት በጠራራ ፀሐይ በእግር መውጣታችንን፣ የጫሞ ዓሣ በሲባጎ ተንጠልጥሎ በሃምሳ ሳንቲም መሸጡን፣ ሙዝ ከምዕራብ ዓባያ በጭነት መኪና ሲመጣ ሹፌሩ ለሚያውቀው ሰው ግማሽ ዘለላ ወርውሮ ማለፉን ነው። ወንዱ ሁሉ ካኪ ሳፋሪ ይለብስና ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካ ነበር፤ ካድሬዎቹ ሦስት። ስኳር ከኅብረት ሱቅ በወረፋ ነው፤ ወረፋው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው የሚሄድ ነበር፣ ድንጋዩንም የሚነካበት አልነበረም። ዛሬ ድንጋይ አስቀምጣችሁ ሂዱ እስቲ፣ ድንጋዩንም አታገኙትም። ሲቀላ መናኸሪያው ጥግ የነበረችው ሻይ ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበራት። መሃሉ ላይ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ተጣብቋል፤ የፍቅር ዘፈኑ እዚያ ጋ ሲደርስ ይዘላል። እኛም ስናንጎራጉረው ያቺን ቦታ ዘለን ነበር የምንዘፍነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሽ ሲለቅ ባለቤትየዋ ካሴቷን ከፍ ታደርጋለች፤ ማንም ምንም አላላትም።

እኔ አስቴር እባላለሁ፣ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነኝ። መንግሥት ለትምህርት ወደ አንድ ወዳጅ አገር ልኮኝ ኬሚስትሪ ተምሬ ስመለስ፣ አንገቱ ባለ ጠጉር የሆነ ትልቅ ካፖርት ለብሼ አርባ ምንጭ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ያየኝ በኀዘኔታ ነው። ካፖርቱን ጨንቻ ያለው አባቴ ወረሰው፤ እሱ በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ለብሶት ሲቀመጥ ከኔ ይልቅ እሱ ከውጭ የመጣ ይመስል ነበር። ምን እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነገርኩት። ፒዩሪን የምትባል በጣም ትንሽ ነገር አለች፤ በሰውም በቅጠልም ውስጥ ትገኛለች። የሰውነት ሴል ሊባዛ ሲል ይፈልጋታል። የካንሰር ሥራው መባዛት ስለሆነ ደግሞ ከሌላው አብልጦ ይፈልጋታል። እኛ ፒዩሪን የምትመስል፣ ግን አንድ ጎኗ የተቀየረ ነገር እንሠራለን። ካንሰሩ እውነተኛዋ መስላው ከተቀበላት ሥራው ይሰናከላል። አባቴ ትንሽ አሰበና «ድሩ መሃል የማይሆን ክር አስገብታችሁ ሸማውን ልታበላሹበት» አለኝ። አራት ዓመት ከተማርኩት ማብራሪያ ሁሉ የሱ ይሻላል።

ውጭ አገር ሳለሁ ስድስት ዓይነት ሠርቻለሁ፤ ስድስቱም በብልቃጥ ውስጥ ባደጉ የካንሰር ሴሎች ላይ ተፈትነው ወድቀዋል። ሰባተኛው ወረቀት ላይ ነበር። ፈቃዴ አልቆ «አገርሽ ትፈልግሻለች» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ አስተማሪዬ የነበሩት ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ አሮጊት «ሁለት ግራም ንጹሕ አድርገሽ ላኪልኝ፣ ጡረታ ሳልወጣ እፈትንልሻለሁ» አሉኝ። ያቺን ሁለት ግራም መሥራት ሕይወቴ ሆነ። አገሬ የፈለገችኝ ደግሞ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አሲድና ቤዝ እንዳስተምር ነበር። አስተማርኩ። ግን ሰባተኛውን አልተውኩም፤ ተይው ባሉኝ ሁሉ ላይ ደግሞ እልህ ይዞኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱን ላቦራቶሪ የሚጠብቁት ጋሽ ጫቦ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ቁልፍ ይይዛሉ፣ ተማሪ አንዲት የሙከራ ቱቦ ከሰበረ ስሙን ዓመት ሙሉ አይረሱም። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አብረን ስንቆጥር፣ የፒዩሪኗን ጎን ለመቀየር የሚያስፈልገንን ብሮሚን፣ ማንም ያልከፈተው ጠርሙስ አገኘን። ለመጨረሻው ደረጃ የሚያስፈልገኝን ፈሳሽ እኔው ከውጭ በሹራብ ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ። የጎደለን መነሻው፣ ፒዩሪኑ ራሱ ነበር። እሱን ከውጭ ለማዘዝ ማመልከቻ ጽፌ፣ የተሰጠኝ መልስ «ሳሙና መሥራት ቢሞከር» የሚል ነው። አንድ ቀን ጋሽ ጫቦ ምሳቸውን ሲበሉ ከቤት ካመጡት ፔርሙስ ቅጠል ቡና ቀዱልኝ። አገራችንን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኛ ጋ የቡናው ቅጠል ተቀቅሎ ይጠጣል። አንዴ ፉት ስል ትዝ አለኝ። ቡና ውስጥ፣ ቅጠሉም ውስጥ ያለው ካፌይን የፒዩሪን ዘር ነው። በየጓሮው በቅሎልኝ እኔ ለሚኒስቴር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ብቻዬን ስስቅ ጋሽ ጫቦ ያመመኝ መስሏቸው ነበር።

ጋሽ ጫቦ በጨንቻ መንገድ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የቡና ጓሮ ነበራቸው። ቅጠሉን ባለቤታቸው አድርቀው ወቅጠው በከረጢት ይልኩልናል። እኛ በኖራ እንቀቅላለን፣ አባቴ በሸመነው ስስ ጥጥ እናጠላለን፣ ከዚያ ከሆስፒታሉ በለመንነው ክሎሮፎርም ካፌይኑን እናወጣለን። ነጭ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ነገር መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን ቢጫ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የማይለቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው በሚቀልጥበት ሙቀት ነው፤ ካፌይን ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ላይ ቁርጥ ብሎ ይቀልጣል። የኛ ገና መቶ ሰማንያ ሳይደርስ መላወስ ይጀምራል። ክሎሮፎርሙን ጠረጠርን፣ ኖራውን ቀየርን፣ ቴርሞሜትሩን የምናሞቅበትን የሞተር ዘይት ሳይቀር ከጋራዥ አዲስ አመጣን። በየጊዜው እየባሰበት ሄደ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን።

አንድ ቀን የጋሽ ጫቦ ባለቤት እትዬ ሻሼ ራሳቸው ከረጢቱን ይዘው መጡ። ረጅም፣ ጥርሳቸው ፍንጭት፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ አሁንስ ቅመሙ በቃሽ?» አሉኝ።

«የምን ቅመም?»

«ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሚጥሚጣው ነዋ። ጫቦ ‘ቅጠሉ አልሆነላትም’ ባለኝ ቁጥር እየጨመርኩልሽ ነው። ጨውም አድርጌበታለሁ።»

ጋሽ ጫቦ ግንባራቸውን ያዙ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የማን ነው እንዳትሉኝ፤ ቅጠል ቡና ከነቅመሙ ነው የሚጠጣው፣ ባዶ ቅጠል ወቅጦ ለሰው የሚልክ እኛ ጋ የለም፣ ስድብ ነው። ባዶውን ላኩልኝ ብዬ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሦስታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ እትዬ ሻሼ «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» አሉ። ሳላስብ «ለካንሰር ነው፤ ምናልባት አንድ ቀን መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ልንሞክር» አልኳቸው። ቀስ ብለው እጄን ያዙና ከቀሚሳቸው በላይ ጡታቸው ላይ አስቀመጡት። እብጠቱ የባቄላ ፍሬ ሳይሆን የሎሚ ያህል ነው፣ ጠንካራ። ጋሽ ጫቦ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ሆስፒታል ይዤያቸው ሄድኩ። ክሎሮፎርም የሰጠን የወዳጅ አገር ሐኪም አያቸውና ወደ አዲስ አበባ ጻፈ። አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱ፤ ካንሰሩ ብብታቸው ሥር ገብቷል፣ ዘግይቷል ተባሉ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ለጋሽ ጫቦ ስኳር፣ ለኔ ደግሞ ሰማያዊ የፀጉር ማስያዣ ገዝተው መጥተዋል። በማግስቱ ከረጢቱ መጣ። ቅጠል ብቻ፣ ቅመም የለበትም።

ያ ቅጠል ነጭ መርፌ ሆኖ ወጣ። ብሮሚኑን መስኮት ከፍተን አፍንጫችንን በነጠላ አስረን ጨመርንበት፤ ቡናማ ቀይ ጭሱ ጋሽ ጫቦን ለሁለት ቀን አስሏቸዋል። ከዚያ የመጨረሻውን ፈሳሽ ጨምረን አሞቅን፣ አቀዘቀዝን፣ አጠብን፣ ደግመን አጠብን። ስንፈትነው አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይንገዋለል ቁርጥ ብሎ ቀለጠ። ሰባተኛው ተሠራ፣ ከሦስት ግራም ትንሽ የሚበልጥ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ልጅ ስወልድም አልደገመኝም፤ ልጆቼ ይህን ሲያነቡ ይቀየሙኝ ይሆናል፣ ይቀየሙ።

ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ጋሽ ጫቦ ብልቃጡን ቆልፈው ከመደርደሪያው ፊት ቆሙ። «መምህርት፣ ስጪያት» አሉኝ።

«ጋሽ ጫቦ፣ ይህ ገና መድኃኒት አይደለም። ስድስቱ አልሠሩም፤ ይሄም ላይሠራ ይችላል። ይባስ ብሎ ጉበታቸውን ሊያቃጥለው ይችላል። አይጥ እንኳ አልቀመሰውም።»

«አይጥማ ጊዜ አላት። ሻሼ የላትም።»

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው» አልኳቸው። «ቀንና ሌሊት ልጠብቅዎ አልችልም። ግን እኔ በእጄ አልሰጥም። ብሰጣቸውና ቢሞቱ ያመማቸው በሽታ ይግደላቸው እኔ ልግደላቸው ሳላውቅ እኖራለሁ። ቢድኑም ምን እንዳዳናቸው አላውቅም።»

ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርገው አሳርፈውት ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያናግሩኝ ለሥራ ብቻ ሆነ። እኔ ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስወርድ እያለቀስኩ ነበር፣ አልዋሽም። ሎሚዋን በእጄ ነክቻታለሁ። ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። በማግስቱ ሐኪሙ አገልግሎቱን ጨርሶ ሊሄድ ነበርና ሁለት ግራሙን ለአስተማሪዬ እንዲያደርስልኝ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት። የቀረችውን አንዲት ግራም መደርደሪያው ላይ መለስኳት።

ወሬውን ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጓድ ደምሴ፣ ባለ ሦስት እስክሪብቶው፣ አንድ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቶ ብልቃጧን ወደ ብርሃን እያነሳ አያት። የአብዮቱ በዓል ሳምንት ቀርቶታል። «ጓድ አስቴር፣ ይሄ ለክፍለ ሀገሩ ታሪክ ነው» አለኝ። ታሪክ ሳይሆን ያልተፈተነ ዱቄት ነው ስለው «ትሑት ነሽ» ብሎኝ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «በጭቁን ምሁራን ጥረት ካንሰርን ድል የሚነሳ መድኃኒት» እያለ ይለፍፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ከካምባ መጣ። ከጨንቻ በቃሬዛ አመጡ። ከምዕራብ ዓባያ አንድ አባት ልጁን አዝሎ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዳቸውን ቁጭ ብዬ አናገርኩ፤ የለም፣ ውሸት ነው፣ ሆስፒታል ሂዱ አልኩ። የሰደበኝ ሰደበኝ፣ የረገመኝም አለ። ያ የለቅሶ ቤት ወሬ የተወለደው ያኔ ነው።

ጓድ ደምሴ በዓሉ ላይ የማነበው ወረቀት ጻፈልኝ። መድኃኒቱንም «ለመጀመሪያዋ ታካሚ» ሕዝብ ፊት ሊሰጥ ወስኗል። ታካሚዋ እትዬ ሻሼ ናቸው። ጋሽ ጫቦ ተስማምተዋል፤ ሳይለመኑ ነው የተስማሙት። ይህን ስሰማ ዳገቱን ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ሻሼ ጓሯቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

«እትዬ ሻሼ፣ ነገ አይውሰዱት።»

«ይገድለኛል?»

«አላውቅም። አለማወቄ ነው ችግሩ።»

«ካላወቅሽ ደምሴስ እንዴት አወቀ?» አሉኝና ጎመናቸውን ቀጠሉ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም፤ ስወጣ አንድ እቅፍ ጎመን አሸከሙኝ።

በማግስቱ የበዓሉ ሜዳ ሞልቷል። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ የኔ ብልቃጥ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። እትዬ ሻሼ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ጫቦ ከጀርባቸው። ስሜ ተጠራ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና «ይህ ዱቄት መድኃኒት አይደለም። ሠሪዋ እኔ ነኝ፤ መድኃኒት አይደለም ስላችሁ እመኑኝ። የታመመ ያላችሁ...» ስል ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ያለ ማይክሮፎን ቀጠልኩ፤ ከፊት ያሉት ሰምተዋል። ጓድ ደምሴ እየሳቀ ክንዴን ይዞ ገሸሽ አደረገኝ። ዱቄቱን ውሃው ውስጥ ጨምሮ በማንኪያ አማሰለውና፣ በሁለት እጁ ይዞ ለእትዬ ሻሼ አቀረበላቸው።

እትዬ ሻሼ ብርጭቆውን አዩት። አልተቀበሉትም። እኛ አገር ለእንግዳ የሚጠጣ ነገር ያቀረበ ሰው መጀመሪያ ራሱ ፉት ብሎ ነው የሚሰጠው፤ ያልቀመሰው ሰው ያቀረበውን መጠጣት የለም። ይህን እዚያ ሜዳ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«ቅመስልኝ» አሉት።

«እናቴ፣ መድኃኒት እኮ ነው።»

«መድኃኒት ከሆነ ምን ያደርግሃል? ቅመስልኝ።»

ጓድ ደምሴ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ ላይ ላብ ሲወርድ እዚያ የነበረ ሁሉ አይቷል። ከኋላ አንድ ሰው «ቅመስላት እንጂ!» አለ። ከዚያ ሌላው ተቀበለ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ ሳቁ እስከ ሜዳው ጫፍ ሄደ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ሲያስቀምጥ ግማሹ ቀይ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ማርሹን ቶሎ ለቀቁት። እትዬ ሻሼ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የማንንም ክንድ ሳይደገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ አሥራ ሰባት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታሰርኩ። ላቦራቶሪው ታሸገ። ስፈታ ለይቅርታ የሚሆን ወረቀት አምጥተው ፈርሚ አሉኝ፤ ብዕሩ አይጽፍም ብዬ መለስኩላቸው፣ ሌላ ብዕር ሲያመጡ ያም አይጽፍም አልኩ። ሰልችቷቸው ተውኝ። ጓድ ደምሴ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እትዬ ሻሼ በበልጉ ዝናብ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ጋሽ ጫቦ ሰላምታዬን አልተቀበሉም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አቅጣጫ ይቀይራሉ። «እሷ ነበራት፣ ከለከለችን» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። አልፈረድኩባቸውም። እውነት ለመናገር እኔም አንዳንድ ጊዜ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሠርቶ ቢሆንስ እል ነበር። ይህ ጥያቄ ከእስሩ ይልቅ ጎድቶኛል።

ላቦራቶሪው ዓመት ሳይሞላው ተከፈተ፤ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሌላ ሰው አላገኙም። ጋሽ ጫቦም ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪዬ ደብዳቤ መጣ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ጋሽ ጫቦ ብርጭቆ ወደሚያጥቡበት ሄድኩ። «ከውጭ መልስ መጣ» አልኳቸው። ውሃውን ዘጉ። እጃቸውን ሳያደርቁ ቆሙ።

«ሠራ?»

«አልሠራም። ሴሎቹ ላይ ምንም አላደረገም። አልገደላቸውም፣ አላቆማቸውም። ምንም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ዓመት ሙሉ ጠልቼሻለሁ» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ምን ያደርጉታል? ይጥሉታል?»

«አይጥሉትም። ሌላ ሰው በዚሁ መንገድ ሄዶ ዓመቱን እንዳያቃጥል መዝገብ ላይ ይጽፉታል። ከነሠሪዎቹ ስም።» ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የመዝገብ ቅጂ አሳየኋቸው። ናሙናውን ስልክ ሦስት ስም ጽፌ ነበር። የውጭ ፊደል ማንበብ አይችሉም፤ እርጥብ ጣታቸውን ይዤ የመጀመሪያው ላይ አሳረፍኩት። «ይሄ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ወደ ሁለተኛው ወሰድኩት። «ይሄ እርስዎ።» ወደ ሦስተኛው ስወስደው ሳልነግራቸው አወቁ። ጣታቸው የሚስታቸው ስም ላይ ቆየ፤ ቀለሙ በውሃው መፍረስ ሲጀምር እንኳ አላነሱትም።

«የሚቀጥለው ስንተኛው ነው?» አሉኝ።

«ስምንተኛው» አልኳቸው።